በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል እንጉዳይ ማብቀል፦ ሙቀቱንና አየሩን እንዴት ላስታርቅ?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ከአዳማ

ጤና ይስጥልኝ። በግቢያችን ጓሮ ያለችውን አንዲት ሰርቪስ ክፍል አጽድቼ ነጩን ኦይስተር እንጉዳይ ማብቀል ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ክፍሏ 3 ሜትር በ2.5 ሜትር ስትሆን ከፍታዋ 2.6 ሜትር ያህል ነው። ግድግዳዋ ብሎኬት፣ ጣሪያዋ ደግሞ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። በምሥራቅ በኩል አንዲት ትንሽ መስኮት፣ በሰሜን በኩል በር አላት። በውስጧ 60 ያህል ከረጢቶች አሉ፤ ገሚሶቹ በገመድ ተንጠልጥለው በማፍራት ላይ ናቸው፣ ገሚሶቹ ደግሞ በቅርቡ ዘር የተደረገባቸው ሲሆኑ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። እያንዳንዱ ከረጢት አምስት ኪሎ ግራም ገደማ የጥጥ ፍሬ ገለፈትና የስንዴ ጭድ ድብልቅ ይዟል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ምርቱ የሚያስደስት ነበር። ከየካቲት አጋማሽ ወዲህ ግን ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ የክፍሉ ሙቀት 31 እና 32 ዲግሪ ይደርሳል። በሩንና መስኮቱን ዘግቼ ወለሉ ላይ ውኃ ሳርከፈክፍ እርጥበቱ ከ90 በመቶ በላይ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚወጣው እንጉዳይ እግሩ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝምና ጃንጥላው ከአውራ ጣት ጥፍር ሳይበልጥ ይቀራል። ከፍቼ ስተወው ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እርጥበቱ ከ50 በመቶ በታች ይወርድና ቡቃያው ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፤ ያደገውም ጠርዙ ይሰነጠቃል። ቬንትሌተር ባስገባም ያንኑ አየር ከማገላበጥ በቀር ለውጥ አላመጣም፤ ፊት ለፊቱ ያሉትን ከረጢቶችም አደረቀብኝ። ከዚህ በተጨማሪ ከአዲሶቹ ከረጢቶች በጥቂቶቹ ውስጥ ቢጫ ፈሳሽ መጠራቀም ጀምሯል፤ በሁለቱ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ወጥቷል።

ጊዜው ዐቢይ ጾም በመሆኑ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ምርቱ በሚፈለግበት ወቅት ሙቀቱ መበርታቱ አስጨንቆኛል። ኤር ኮንዲሽነር የመግዛት አቅም የለኝም። ልምድ ያላችሁ ሦስት ነገሮችን ብታብራሩልኝ ባለውለታችሁ ነኝ። አየር መሳቢያ ፋን ባስገጥም መጠኑ ምን ያህል፣ ቦታውስ የት ይሁን? አየር ሳስገባ እርጥበቱ እንዳይጠፋብኝ ምን ላድርግ? ሌሊት ከፍቶ ቀን መዝጋትስ ይበቃል?


መልስ፦ አምራች ከሰበታ

ውድ ጠያቂ፣ ሁኔታውን በቁጥር አስደግፈው ስላቀረቡት ለመመለስ ያመቻል። የእኔ ማብቀያ ያለው ሰበታ ነው። አየሩ ከአዳማ የቀዘቀዘ ቢሆንም በበጋ ቀትር ቆርቆሮ ሥር ምን እንደሚመስል በሚገባ አውቀዋለሁ።

ያሉብዎት ችግሮች ሁለት ናቸው፤ ሙቀትና የታፈነ አየር። አብረው ስለሚታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው፤ እንዲያውም በቀትር ጊዜ ለአንዱ የሚደረገው ነገር ሌላውን ያባብሰዋል። መስኮቱን ሲከፍቱ የታፈነው አየር ይወጣል፣ ነገር ግን ሞቃትና ደረቅ አየር ይገባል፤ ሲዘጉት እርጥበቱ ይጠበቃል፣ ነገር ግን እንጉዳዩ ይታፈናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ለየብቻው ማየት ያስፈልጋል።

የእግሩ መርዘምና የጃንጥላው ማነስ በዋናነት የሙቀት ምልክት አይደለም። እንጉዳይ እንደ እኛው ኦክስጅን እየወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስወጣ ሕያው ነገር ነው። በውጭ ባለው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 420 እጅ ገደማ ነው፤ ኦይስተር ጃንጥላውን አሳምሮ የሚዘረጋው ደግሞ መጠኑ ከ1000 በታች ሲሆን ነው። በተዘጋች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ከረጢት ይዘው ካደሩ ከዚያ በብዙ እንደሚያልፍ አይጠራጠሩ። የብርሃን ማነስም ተመሳሳይ መልክ ስለሚያመጣ በቀን ለ10 ሰዓት ያህል በክፍሉ ውስጥ ጋዜጣ ለማንበብ የሚያስችል ብርሃን መኖሩን ያረጋግጡ። ለዚህ አንድ ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል ይበቃል፤ ባለ 100 ዋቱ የድሮ አምፖል ግን በሙቀት ላይ ሙቀት ይጨምርብዎታል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጥግ ላይ የተደራረቡት አዳዲሶቹ ከረጢቶች ናቸው። ድሩ፣ ማለትም ከዘሩ ወጥቶ ጭዱን የሚወርሰው ነጭ ክር መሰል የእንጉዳዩ አካል፣ ጭዱን እየበላ ሲስፋፋ የራሱን ሙቀት ያመነጫል፤ በተለይ ዘር ከተደረገ ከመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አንሥቶ ለሚቀጥሉት ቀናት ይህ ሙቀት ይበረታል። ከረጢቶቹ ሲደራረቡ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ቴርሞሜትር 31 ሲያሳይ የተደራረበው ከረጢት መሐል 36 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የኦይስተር ድር የሚመቸው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ባለው መካከል ነው፤ ከ35 ሲያልፍ ይዳከማል፤ ወደ 40 ደርሶ ለሰዓታት ከቆየ ይሞታል። ቢጫው ፈሳሽ ድሩ መጨነቁን ያሳያል። አረንጓዴው ሻጋታ፣ ማለትም ትራይኮደርማ፣ ሙቀትንም የታፈነ አየርንም ስለሚችል ድሩ የተዳከመበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል።

ስለዚህ ከፋኑ በፊት ዛሬውኑ ይህን ያድርጉ። ረጅም ዘንግ ያለውን የወጥ ቤት ቴርሞሜትር በአልኮል ጠርገው፣ በከረጢቱ አንገት በኩል ቀስ አድርገው እስከ መሐሉ ያስገቡና ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ፤ ሲያወጡት ቀዳዳውን በፕላስተር ይሸፍኑት። የሚያገኙት ቁጥር ውሳኔዎን ሁሉ ይለውጠዋል። ከዚያም ቁልሉን በትነው በከረጢትና በከረጢት መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት ይተዉ፤ የከሰዓት ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ያርቋቸው፤ ሻጋታ የያዙትን ሁለቱን ሳይከፍቱ ከግቢው ያስወጡ። ቢቻል አዳዲሶቹን ጨርሶ ወደ ሌላ ክፍል ያዛውሯቸው፤ በድር ጊዜ ከረጢቱ ብዙ አየር አይፈልግም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢበዛም አይጎዳውም፣ የሚፈልገው ቀዝቀዝ ያለና ጨለም ያለ ቦታ ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ክፍል እስካኖሩ ድረስ ለአንዱ የተስማማው አያያዝ ለሌላው አይስማማም።


መልስ፦ የሕንፃ አየር ማናፈሻ መሐንዲስ

የሰበታው አምራች የሰጡትን ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ። ስለ ፋኑ ልመልስ፤ ነገር ግን አስቀድሜ ስለ ጣሪያው መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በእርስዎ ክፍል ውስጥ ዋናው የሙቀት ምንጭ አየሩ ሳይሆን ቆርቆሮው ነው።

ያረጀ ቆርቆሮ በጠራ ቀትር 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የክፍልዎ ጣሪያ 7.5 ሜትር ካሬ ነው። ኮርኒስ ስለሌለ ይህ የጋለ ብረት ሙቀቱን በጨረር መልክ በቀጥታ ወደ ከረጢቶቹ ይረጫል፤ በእኔ ግምት የሚወርደው ከአንድ ሺህ ዋት በላይ ነው። አሁን ከፋን ጋር ያነጻጽሩት። በሰዓት 100 ሜትር ኩብ አየር የሚያወጣ ፋን፣ የውስጡ አየር ከውጭው በ3 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ይዞ የሚወጣው ሙቀት 80 ዋት ገደማ ብቻ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አየር ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት በጅቡቲ ወይም በምጽዋ ካለው ከአንድ ስድስተኛ በላይ ያንሳል። እንግዲህ ፋኑን አምስት እጥፍ ቢያሳድጉት እንኳ ጣሪያውን አያሸንፈውም፤ ይልቁንም እንጉዳዩን ያደርቀዋል። ፋኑን ለንጹሕ አየር ይጠቀሙበት፤ ሙቀቱን ግን ከምንጩ ያግዱት።

ለዚህም ከቆርቆሮው 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ኮርኒስ ይሥሩ። ቺፑድ በዚህ እርጥበት ውስጥ ስለሚያብጥ አልመክረውም። አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስታይሮፎም በእንጨት ላይ አስቀምጠው ከታች ወፍራም ላስቲክ ቢወጥሩበት ለዓመታት ያገለግላል፤ በማጽዳትም አያስቸግርም። ገንዘቡ ለጊዜው ካልተገኘ ማዳበሪያ ጆንያ በድርቡ መወጠር እንኳ አብዛኛውን ጨረር ያቆማል፤ ይህ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ዋናው ነገር በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የሚጋለው አየር መውጫ እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱ ተቃራኒ ጫፎች ላይ ቀዳዳ ይተዉና በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑት። ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ መቀባትም ብዙ ይረዳል። ኖራ ርካሽ ቢሆንም ክረምት ያጥበዋልና በየዓመቱ ጥር ወር ላይ መድገም ይኖርብዎታል።

ወደ ፋኑ ስመለስ፣ ክፍልዎ 19.5 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በሚያፈራ ኦይስተር ክፍል ውስጥ አየሩ በሰዓት አምስት ጊዜ ያህል እንዲለወጥ ከተፈለገ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። በገበያ ላይ ያለው ባለ 10 ሴንቲ ሜትር የመታጠቢያ ቤት ፋን ማሸጊያው ላይ ይህንኑ ቁጥር ይጽፋል፤ ነገር ግን ያ ቁጥር ምንም ነገር ሳይጋርደው በነጻ አየር የተለካ ነው። ወንፊትና ቱቦ ሲጨመርበት እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ባለ 15 ሴንቲ ሜትሩን ወስደው በታይመር እያቋረጡ እንዲያሠሩት እመክራለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት እንዲሁም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ 15 ደቂቃ እየሠራ 15 ደቂቃ እየቆመ ይሂድ፤ በቀትር ግን 15 ደቂቃ ሠርቶ 45 ደቂቃ ይቁም። ያን ጊዜ እንጉዳዩ የሚያገኘው አየር ቢቀንስም ጨርሶ አይታፈንም።

ፋኑ በደቡቡ ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። የአየር መግቢያው ደግሞ በተቃራኒው በሰሜን በኩል፣ ከበሩ ግርጌ፣ ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሁን፤ የሰሜኑ ጥላ ያለበት ስለሆነ የሚገባው አየር ቀዝቀዝ ያለ ነው። የመግቢያው ስፋት ከፋኑ አፍ ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ብዙ ሰዎች ትልቅ ፋን ገጥመው መግቢያውን ያጠቡታል፤ ፋኑም እየጮኸ አየር ሳያወጣ ይውላል። የምሥራቁን መስኮት ይዝጉት፤ ከፋኑ አጠገብ ክፍት መስኮት ካለ አየሩ በአቋራጭ ገብቶ ይወጣል እንጂ ወደ ከረጢቶቹ አይደርስም። ለማረጋገጥ አንድ የዕጣን ጭስ በመግቢያው አጠገብ ይያዙና ጭሱ በየት በኩል እንደሚጓዝ ይከታተሉ፤ በከረጢቶቹ መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ከወጣ ሥራዎ የተሳካ ነው።


መልስ፦ አብቃይ ከሐዋሳ

በመግቢያው ጉዳይ ላይ ልጨምርበት። የቃጫ ጆንያ በድርቡ አድርገው በመግቢያው ላይ ይወጥሩና ከላይ ትንንሽ ቀዳዳ ካለው ጀሪካን ውኃ እንዲንጠባጠብበት ያድርጉ። በበጋ ቀትር የአዳማ አየር 30 ዲግሪና 30 በመቶ እርጥበት ቢኖረው፣ በረጠበው ጆንያ ውስጥ ሲያልፍ በግምት ወደ 24 ዲግሪ ይወርዳል፣ እርጥበቱም 50 በመቶ ያልፋል። ለዚህ የሚተነው ውኃ ለ100 ሜትር ኩብ አየር ሩብ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ቀሪውን እርጥበት ወለሉ ላይ በሚረጩት ውኃ ይሞላሉ። ጆንያው ግን በየሳምንቱ መውረድና በፈላ ውኃ መታጠብ አለበት፤ አለበለዚያ እሱ ራሱ የሻጋታ ምንጭ ይሆናል።

ይህ ዘዴ የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ መሆኑን አጥብቄ አሳስባለሁ። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ 24 ዲግሪና 80 በመቶ እርጥበት ይዞ ሲመጣ ጆንያው የሚቀንሰው ሙቀት ከአንድ ዲግሪ ተኩል አይበልጥም፤ በዚያ ወቅት ያውርዱትና አየሩን ብቻ በብዛት ያስገቡ።

በአንድ ነገር ግን ከመሐንዲሱ እለያለሁ። ፋኑ አየር የሚስብ ከሆነ በክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንስና በየስንጥቁ፣ በበሩ ሥርና በቆርቆሮው መጋጠሚያ በኩል ያልተጣራ አየር ይገባል። ከዚህ ጋር ጥቃቅን ዝንቦች ይመጣሉ፤ እነሱ በጭዱ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፣ ትላቸው ድሩን ይበላል፣ በእግራቸውም ሻጋታ ያዛምታሉ። እኔ ፋኑን በመግቢያው ላይ ገጥሜ በጨርቅ ማጣሪያ በኩል አየር ወደ ውስጥ እንዲገፋ አድርጌዋለሁ፤ የአየር መውጫው ወንፊት የተወጠረበት ቀዳዳ ብቻ ነው። ዝንቡ ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ቀንሶልኛል።


መልስ፦ የሕንፃ አየር ማናፈሻ መሐንዲስ

የሐዋሳው አብቃይ ያነሡት ነጥብ ትክክለኛ ነው፤ ለዘር ማባዣ ክፍልና ለድር ክፍል እኔም ወደ ውስጥ የሚገፋውን እመርጣለሁ። በማፍሪያ ክፍል ላይ ያመነታሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሚገፋ ፋን አየሩን በአንድ አቅጣጫ በኃይል ስለሚረጭ በፊቱ ያሉትን ከረጢቶች እንዳያደርቅ የሚከልለው ሰሌዳ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ኦይስተር ሲበስል የሚለቀው ብናኝ እጅግ ብዙ ነው፤ ክፍሉ በግፊት ሲሞላ ይህ ብናኝ በየስንጥቁ ወደ መኖሪያ ቤቱ ይወጣል። የክፍሉ ግድግዳ ከመኖሪያው ጋር የማይገናኝ ከሆነ የሐዋሳውን መንገድ ቢከተሉ አልቃወምም። በሁለቱም መንገድ ስንጥቆቹ በሲሊኮን ወይም በጨርቅ መደፈን አለባቸው።


ተጨማሪ ጥያቄ፦ ጀማሪ ከአዳማ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደተመከርኩት ከተደራረቡት መሐል አንዱን ከረጢት ለካሁ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 37 ዲግሪ አሳየ፤ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ብቻውን የነበረው ግን 33 ነበር። አዲሶቹን ከረጢቶች ወደ ዋናው ቤት ኮሪደር አዛውሬያቸዋለሁ፤ እዚያ ቀኑን ሙሉ ከ27 ዲግሪ አያልፍም። ማዳበሪያ ጆንያውንም ወጥሬ ጨርሻለሁ፤ በማግስቱ ቀትር የክፍሉ ሙቀት 28 ዲግሪ ላይ ቆመ።

አሁን የቀሩኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የክፍሏ ምዕራባዊ ግድግዳ እናቴ ከምትተኛበት ክፍል ጋር ይዋሰናል፤ እናቴ ደግሞ አስም አለባት። ብናኙ ይጎዳታል ወይ? ሁለተኛው፣ በሠፈራችን መብራት በተደጋጋሚ፣ አንዳንዴም ለግማሽ ቀን ይጠፋል፤ ፋኑ ሲቆም ምን ላድርግ?


መልስ፦ የጤና ባለሙያ

ስለ እናትዎ የጠየቁትን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። የኦይስተር ብናኝ ለረጅም ጊዜ በተደጋጋሚ ሲተነፈስ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሳንባ አለርጂ ያስከትላል፤ በእንጉዳይ ሠራተኞች ላይ በስፋት የታወቀ ሕመም ነው። ከክፍሉ ከወጡ ከ4 እስከ 8 ሰዓት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ደረቅ ሳልና የደረት መጨነቅ የሚሰማው ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ማለፍ የለበትም። አስም ያለበት ሰው ይበልጥ ተጋላጭ ስለሆነ እናትዎ ወደ ማብቀያው ክፍል ፈጽሞ አይግቡ፤ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ያለ ማንኛውም ስንጥቅ ይደፈን፤ የፋኑ መውጫም ከመኝታ መስኮታቸው ይራቅ። በዚህ ምክንያት ለእርስዎ ቤት አየር የሚስበውን ፋን እመርጣለሁ።

ብናኙን ለመቀነስ ዋናው መንገድ በጊዜ መልቀም ነው። የጃንጥላው ጠርዝ ገና ወደ ታች ጎንበስ እንዳለ ይልቀሙት፤ ጠርዙ ተዘርግቶ ወደ ላይ መታጠፍ ከጀመረ በኋላ የሚለቀው ብናኝ በወለሉና በከረጢቶቹ ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይታያል። እርስዎም ሲለቅሙ ኤን 95 ዓይነት ጭንብል ያድርጉ፤ የጨርቅ ጭንብል ይህን ብናኝ በሚገባ አያቆመውም። ከመልቀምዎ በፊት ፋኑን ለ15 ደቂቃ ማሠራት፣ ከዚያም ወደ ቤት ሲገቡ ልብስ መቀየር ይገባል።


መልስ፦ አምራች ከሰበታ

የከረጢቱ መሐል 37 ዲግሪ መድረሱ የቢጫውን ፈሳሽ ምክንያት ግልጽ ያደርገዋል። በአንድ ጆንያ ኮርኒስ ብቻ 28 ላይ መድረስዎ ደግሞ ታላቅ እፎይታ ነው፤ በዚህ ላይ የረጠበው ጆንያ ሲጨመር ወደ 25 ወይም 26 መውረድ ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

ስለ መብራቱ፣ ከፋኑ ጎን ለጎን ኤሌክትሪክ የማይፈልግ መውጫ ይሥሩ። ባለ 15 ሴንቲ ሜትር የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ ከኮርኒሱ ሥር ጀምሮ ቆርቆሮውን አልፎ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ እንዲል ያድርጉና ከቆርቆሮው በላይ ያለውን ክፍል ጥቁር ይቀቡት። ሌሊት የውስጡ አየር ከውጭው ስለሚሞቅ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል። በቀትር ግን ውስጡ ከውጭ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ተራ ቱቦ ሥራውን ያቆማል፤ ጥቁሩ ቀለም የሚረዳው ያን ጊዜ ነው፤ ፀሐይ ቱቦውን ስታግለው በውስጡ ያለው አየር ወጥቶ ከታች ያለውን ይስባል። አፉን በወንፊትና በዝናብ ክዳን ይሸፍኑት። ፋኑ በሚሠራበት ጊዜ ግን ቱቦው መዘጋት አለበት፤ ካልተዘጋ ፋኑ አየሩን የሚስበው ከቱቦው ይሆናል።

ሌሊት ከፍቶ ቀን መዝጋት ይበቃል ወይ ላሉት፣ ለሙቀቱ በአብዛኛው ይበቃል፣ ለአየሩ ግን አይበቃም። በዚህ ወቅት የአዳማ ሌሊት ወደ 15 እና 17 ዲግሪ ስለሚወርድ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት በብዛት ያስገቡ፤ ብሎኬቱና ከረጢቶቹ ሌሊት የቀዘቀዙትን ያህል ቀን ዘግይተው ይሞቃሉ። ይሁንና እንጉዳዩ ቀኑንም ይተነፍሳልና ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ መዋል የለበትም።

ውኃ የሚረጩበትን ሰዓትም ያስተካክሉ። ብዙዎች ማታ ረጭተው ዘግተው ያድራሉ፤ ጃንጥላው ላይ ያለው ውኃ ሳይደርቅ ሲያድር ባክቴሪያ ይይዘውና ቢጫና ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ገበያ ላይም ማንም አይነሣውም። ውኃውን በጠዋትና ከሰዓት በኋላ በስሱ፣ በወለሉና በግድግዳው ላይ ይርጩ፤ ከረጨ በኋላ ፋኑ ይሥራ፤ የጃንጥላው ገጽ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ውስጥ ወዙ መጥፋት አለበት። የክፍሉ እርጥበት 85 እና 90 በመቶ መሆኑና እንጉዳዩ ላይ ውኃ መንጠልጠሉ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚህ እርጥበት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሶኬትና ማከፋፈያ ከክፍሉ ውጭ ይሁን፤ ፋኑም የመሬት ሽቦ ይኑረው።

በመጨረሻም ስለ ዘሩ። ለቀጣዩ ዙር ዘር ሲያዝዙ የዝርያውን ስም ይጠይቁ። ግራጫው ኦስትሪያተስ የሚወደው ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ነው፤ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ይያዙት። ነጩ ፍሎሪዳ እስከ 25 ዲግሪ ገደማ በደንብ ያፈራል፤ ሳጆር ካጁ የሚባለው ደግሞ ከዚያም ትንሽ ከፍ ያለ ሙቀት ይችላል። ሮዝ ቀለም ያለው ዝርያ እስከ 30 ዲግሪ ቢያፈራም ከተለቀመ በኋላ አንድና ሁለት ቀን ብቻ ስለሚቆይ ገዢው በቅርብ ከሌለ አይጀምሩት። በእርስዎ ቦታ ብሆን ከጥር መጨረሻ እስከ ግንቦት ሳጆር ካጁን አደርግ ነበር። ዘሩን ለሚያባዙት ሰዎች ከአንድ ወር አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ጾሙ ሲቃረብ ፈላጊው ስለሚበዛ በተባለው ቀን ላይደርስልዎት ይችላል።